ቀኝ እጄና ላይተሯ

እንጨት ሲቃጠል አፍንጫዬ ከዓይኔ ይቀድማል። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰጋቱራና ከቫርኒሽ ጋር የኖርኩ አናጢ ነኝና ጭስ ከሸተተኝ ወሬዬን አቋርጬ እነሳለሁ። ባለፈው ሰሞን ወልቂጤ ውስጥ፣ ልጄ የቤት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ በርጩማዬን አውጥቼ ፀሐይ ስሞቅ ያ ሽታ መጣብኝ። የማገዶ አልነበረም። ጠንካራ፣ በደንብ የደረቀና የተወለወለ እንጨት ሲያር የሚሸተው ነው። ዞር ስል፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት ራቅ ብሎ፣ አንድ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ አዲስ ፒፓ አፉ ላይ ሰክቷል። በእጁ የያዘው ላይተር እንደ ብየዳ እሳት እያፏጨ ሰማያዊ ነበልባል ይተፋል። ሰውዬው በዚያ የፒፓውን ከንፈር እየጠበሰው ነው። ከትንባሆው ይልቅ ፒፓው ነበር የሚጨሰው።

«ልጄ፣ ዕቃውን እኮ አነደድከው!» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ደንግጦ አወረደውና መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ዳዊት ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የጎጃም ልጅ ነው። ፒፓውን ወንድሙ ከውጭ አምጥቶለት ሲጋራ ለመተው ብሎ እንደጀመረ ነገረኝ። «ክብሪት ገና ሳልስበው ይጠፋብኛል፤ ይሄኛው ደግሞ እንዳዩት ነው። አባባ፣ ካወቁበት ይንገሩኝ፣ ምን ዓይነት ላይተር ልግዛ?» አለኝ።

ሳቄ መጣ። እሱ እንደ ቀላል ነገር የጠየቀኝ ነገር በአንድ ወቅት ሥራዬም ትዳሬም የተንጠለጠለበት ነገር ነበር። ቀኝ እጄን ከጋቢዬ ውስጥ አውጥቼ አሳየሁት። አመልካች ጣቴና የመሐል ጣቴ ከሥራቸው የሉም፤ አውራ ጣቴም ጫፉ ቀርቷል። ዓይኑን ሊያሸሽ ሲል «እይ እንጂ፤ አይነክስም» አልኩት። «ላይተር መምረጥ የተማርኩት በዚህ እጅ ነው። ተቀመጥና ላጫውትህ።»

ያኔ ወልቂጤ እንዲህ አልነበረችም። ዩኒቨርሲቲም ባጃጅም ፎቅም የላትም። ያላት ነገር መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅማ የሚወርደው መንገድ። ቡና የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ አቧራው ቤታችን ድረስ ገብቶ ወጡ ላይ ያርፋል። ሹፌሮቹ የሚያድሩበት ሰፈር ከሰዓት በኋላ ሬዲዮኑ ከዳር እስከ ዳር ይከፈትና አንዱ ዘፈን ከአንዱ ቡና ቤት ጀምሮ በሌላው ያልቃል፤ መንገዱን ስታቋርጥ ስንኝ አያመልጥህም። ጎረምሳው የተትረን ጨርቅ ሱሪውን ከታች አስፍቶ፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ በዚያ ይንጎራደዳል። እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ክብሪት በአምስት ሳንቲም፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም የሚገኝበት ዘመን ነው፤ ስኳሩ ግን ከቀበሌ ሱቅ ካልሆነ አይገኝም። ከደብረ ብርሃን የመጣሁት ለመንገድ ሥራ እንጨት ከሚያቆሙ አናጢዎች ጋር ነው። መንገዱ አለቀ፣ ጓደኞቼ ተመለሱ፣ እኔ ቀረሁ። አቶ ሰማን የሚባሉ የስልጤ ሰው ትልቅ የእንጨት ሥራ ቤት ነበራቸው፤ እጄን አይተው ቀጠሩኝ። በሥራ ቀልድ የማያውቁ፣ ደመወዝ ግን የማያሳድሩ ሰው ነበሩ።

ሚስቴ አስካለ የቡታጅራ ልጅ ናት። ያሳደጓትን አጎቷን ጋሽ ብሩን ያወቅኳቸው የጨርቅ ሱቃቸውን መደርደሪያ ልሠራ ሄጄ ነው፤ መደርደሪያውን ስጨርስ ልጅቱን ለመንኩ። ዛሬ ሚኒባስ ተራራውን ሰንጥቆ ያደርስሃል። ያን ጊዜ ግን ከወልቂጤ ቡታጅራ ለመሄድ ዓለም ገና ድረስ ወጥተን፣ የቡታጅራን አውቶቡስ ጠብቀን፣ ጥያ ላይ ወርደን በቆሎ እሸት በልተን ነበር የምንደርሰው። አስካለ መንገድ ያማታል፤ እኔ ደግሞ ሲጋራዬን ላይዋ ላይ አጨሳለሁ። አንድም ቀን «አጥፋ» አላለችኝም። መስኮቱን ከፍታ ራሷን ወደ ውጭ ታደርጋለች።

አደጋው የደረሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በማላስበው ቀላል ሥራ ላይ ነው። የባሕር ዛፍ ጣውላ በኤሌክትሪኩ መጋዝ እየሰነጠቅሁ ሳለ ጉጥ አጋጠመኝ። ጣውላው ተንሸራተተ፤ እጄም አብሮት ሄደ። ከዚያ በላይ አልናገርም። እምድብር ክሊኒክ ወሰዱኝ፤ እዚያ ተኝቼ ከረምኩ። ቁስሌን የምታጥበው ሲስተር ቆፍጣና ነበረች። «ግራህን ብቻ ማሠራት ከለመድክ ቀኝህ እንደ እንጨት ይደርቃል። የቀሩትን ጣቶች አሠራቸው፤ ያልቅሱ፣ ግን አሠራቸው» አለችኝ። ይህን ቃል እንደ ጸሎት ያዝኩት።

ቤት ስመለስ ሰው ሁሉ አዛኝ ሆኖ ጠበቀኝ። ከሁሉ የባሰችው አስካለ ናት። ቁልፌን ትቆልፍልኛለች፣ ጫማዬን ታስርልኛለች፣ እጄን ወደ ትሪው ስሰድ ቀድማ ጠቅልላ ታጎርሰኛለች። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ሁልጊዜ ሲሆን ግን ጥርስ እንዳልበቀለ ሕፃን ያደርግሃል። ቀኝ እጄን ልትነካ ስትል ከጋቢው ሥር እደብቀው ነበር። ምን ሆነህ ነው ትለኛለች፤ ምንም እላታለሁ።

አንድ ቀን አቶ ሰማን ስኳር በወረቀት አስጠቅልለው ሊጠይቁኝ መጡ። ደህና መሆኔን ላሳያቸው ፈልጌ ሲጋራ አወጣሁ። የክብሪቱን ቀፎ በጉልበቶቼ መሐል አጣብቄ በሁለቱ ጣቶቼ ጫርኩ። እንጨቱ ተሰብሮ እሳቱ ጋቢዬ ላይ ወደቀ። አስካለ ዘላ በመዳፏ አጠፋችው፤ ሌላ ክብሪት ጭራም ሲጋራዬን ለኮሰችልኝ። አቶ ሰማን ይህን ሁሉ ይመለከቱ ነበር።

«ሥራ መቼ ልጀምር?» አልኳቸው።

«ወላሂ እውነቱን ልንገርህ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። «ክብሪት መያዝ ያቃተው እጅ መሮ አይይዝም። የቀሩትንም ጣቶች እኔ ቤት ብትጥላቸው አላህ ይጠይቀኛል። ጤናህን ጠብቅ፤ ለሌላው አላህ አለ።»

ሲወጡ አስካለ እስከ በር ሸኘቻቸውና ተመልሳ ከጎኔ ተቀመጠች። «ቡታጅራ እንሂድ። ጋሼ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለህ ጨርቅ ትሸጣለህ። ምን ጎደለን?» አለችኝ።

«ሁለት ጣት ጎደለኝ እንጂ አናጢነቴ አልጎደለም» አልኳት። «ያ እጅ ክብሪት ከያዘ መሮም ይይዛል ማለታቸው ነው። እይዛለሁ።» የዚያን ቀን ነው የቆረጥኩት። ሰው ቢስቅብኝም ባይስቅብኝም እሳቱን በቀኝ እጄ፣ ራሴ እለኩሳለሁ።

ቡታጅራ ግን ለእንግድነት ሄድን። ጋሽ ብሩ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የሱፍ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ የክስታኔ ጉራጌ ናቸው። ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ከኮቱ ኪስ ፒፓ አይጠፋም። በገበያ ቀን የጨርቅ ጣቃ ዘርግተው፣ በርበሬ የጫኑ አህዮች በደጃፋቸው ሲተራመሱ፣ እሳቸው ፒፓቸውን ነክሰው በእርጋታ ክንድ እየለኩ ሲሸጡ ማየት ራሱ ትርኢት ነበር። የአገሬው ሽማግሌዎች በቅል የተሠራ ጋያ በሚስቡበት አገር የሳቸው ፒፓ እንደ ቅንጦት ይታይ ነበር። እኔ ያደግሁት ደግሞ ትንባሆ በመናፍቁ በአርዮስ ሆድ ዕቃ ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ከምትል እናት ጋር ነው፤ ሲጋራውንም የጀመርኩት ከሷ ርቄ ነው። ጋሽ ብሩ ሲጋራዬን በሁለቱ ጣቶቼ ልይዝ ስታገል፣ አመዱ ደረቴ ላይ ሲረግፍ አዩ። ወደ ጓዳ ገብተው አሮጌ ፒፓ ይዘው ወጡ።

«ሲጋራ ጣት ይፈልጋል። ለፒፓ መዳፍ ይበቃዋል» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ያኔ ማንም አላለኝም። ሁሉም ያጣሁትን ነበር የሚያየው፤ እሳቸው መዳፍ እንዳለኝ አዩ። አሞላሉን አሳዩኝ፤ ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ፣ ሲስቡት አየር የሚያልፍ። «መጀመሪያ ስትለኩሰው ላዩ ብቻ ይያያዝና ትንባሆው ያብጣል። በቀስታ ተጫነውና ሁለተኛ ለኩሰው። ቢጠፋ አትናደድ፤ የሁሉም ይጠፋል። የጠፋውን እንደገና መለኮስ ነው የፒፓ ሥራው።» ክብሪት ሊሰጡኝ ሲሉ አልፈልግም አልኩ። «ላይተር እፈልጋለሁ፤ በቀኜ የማበራው።»

መጀመሪያ የገዛሁት ቤንዚን ላይተር ነበር። ክዳኗ ጠቅ እያለ የሚከፈት፣ ፊልም ላይ የሚያሳዩዋት ዓይነት፤ ብልጭልጭታዋ አታለለኝ። ቤንዚኑን በጥጡ ላይ አፍስሰህ፣ ጥርስ ያላትን ጎማ በአውራ ጣትህ አሽከርክረህ ክሩን ማቀጣጠል ነው። እኔ ግን ጣቴ ጫፍ የለውም፤ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። በግራዬ እንድለኩስ ሁሉም መከረኝ፤ እምቢ አልኩ። አንድ ቀን ጋሽ ብሩ ቤት፣ በትልቁ የሣር ቤት ውስጥ ተቀምጬ ቤንዚን ሞላሁባት። ሞልታ ፈሰሰች፤ ገና ባልደረቀው ቁስሌ ላይ የተጠመጠመው ፋሻ ጠጣው። ልብ አላልኩም። ጎማዋን ሳሽከረክር በዚያች ቀን እንደ ዕድል በመጀመሪያው ያዘች፤ ፋሻዬም አብሮ ያዘ።

እሳት እጅህ ላይ ሲሆን የምታስበው ነገር የለም፤ ማራገፍ ብቻ ነው። እጄን ሳወናጭፍ ነበልባሉ ወደ ሣሩ ጣሪያ ሲዘረጋ አየሁት። ያን ጊዜ አስካለ ከየት መጣች ሳልል ጋቢ አልብሳ ጣለችኝና እጄ ላይ ተኛችበት። በሙሉ ክብደቷ ተኛችበት። ጋቢው ውስጥ እሳቱ ታፍኖ እስኪሞት አልተነሳችም። ስትነሳ ክንዷ ላይ ቀይ ቃጠሎ ነበር፤ የእኔ ቆዳም አዲስ ቁስል አወጣ። ጣሪያው ተርፏል። ሣር ቤት ቢያያዝ ከጎረቤቱ የቱ ይቀር እንደነበር እግዜር ያውቃል።

«አበቃ!» አለች ክንዷን ይዛ። «ከእንግዲህ እኔ እለኩስልሃለሁ፤ ካልሆነ አታጨስም።»

«አንቺ አትለኩሺልኝም።»

«ለምን? እኔ ምንህ ነኝ? ባዕድ ነኝ?»

«ሚስቴ ነሽ፤ እጄ ግን አይደለሽም።»

ክፉ ቃል ነበር፤ እጄ ላይ ከተኛች ደቂቃ አልሞላም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ለቀናትም ከሰላምታ በስተቀር ምንም አልተነጋገርንም። ጋሽ ብሩ ሁለታችንንም አልወቀሱም። የተረፈውን ቤንዚን ወስደው ከግቢ ውጭ ካፈሰሱ በኋላ አጠገቤ ተቀመጡ። «ሐሳብህን አትቀይር፤ ዕቃህን ቀይር» አሉኝ። «ቤንዚን ለፒፓ አይሆንም፤ እሳቱ ቀርቶ ሽታው ትንባሆውን ይገድለዋል። ይሁን ብትል እንኳ ላይተር የሚሞላው ደጅ ነው፣ እሳት በሌለበት። የፈሰሰውን ትጠርጋለህ፣ እጅህን ትታጠባለህ፣ ሽታው እስኪጠፋ ትጠብቃለህ። የቸኮለ ሰው ለእሳት ማገዶ ነው።»

ቁስሌ ሲጠግግ ወደ ወልቂጤ ተመለስንና ጋዝ ላይተር ፍለጋ ጀመርኩ። በሽልንግ የሚሸጡት የላስቲክ ላይተሮች ጋዛቸው ከውጭ ይታያል፤ ሱቅ ውስጥ አንድ በአንድ እየሞከርኩ ባለሱቁን አሰለቸሁት። የነሱ ችግር ሌላ ነበር። የፒፓ እሳት ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ላይተሩን ስትዘቀዝቀው ደግሞ ነበልባሉ ወደ ላይ ተመልሶ የራስህን ጣት ይልሳል። እንደ ሲጋራ አንዴ ነክቶ የሚበቃም አይደለም፤ አፉን ዙሪያ እስክታዳርስ ብረቱ ይግላል። ጉርድ አውራ ጣቴ እንደ ጥብስ ጨሰ። በመጨረሻ ጎኗን ሲጫኗት የምትበራ፣ ጎማ የሌላት፣ ነበልባሏም ወደ ጎን ዘንበል ብሎ የሚወጣ አንዲት የብረት ላይተር ጋሽ ብሩ ከመርካቶ አስመጡልኝ። ለጉርድ አውራ ጣቴ የተሠራች መሰለችኝ። ግን ቀጭን ናት። ቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ሊጨብጧት ሲሞክሩ እንደ ዓሣ ታመልጣለች።

እንጨት ሥራ የተመለስኩት ያኔ ነው። ላይተሯ መዳፌን እንድትሞላ እጀታ ልሠራላት ወሰንኩ። ከአጥር የተረፈ የወይራ ጉማጅ አገኘሁ፤ ወይራ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይያያዝም። እንጨቱን ጠፍሮ የሚይዝልኝ ሞርሳ ስለሌለኝ በእግሮቼ መሐል አጣብቄ፣ መሮውን በቀኝ መዳፌ ደግፌ፣ በግራዬ መታሁ። የመጀመሪያው ጉማጅ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ጠመመ። ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ስፈልጥ ስሞርድ አስካለ ከደጃፉ ላይ ስንዴ እየለቀመች ታየኛለች። ስትነሳ ግን አንድ ቀን በርጩማው ላይ አዲስ ብርጭቆ ወረቀት አስቀምጣልኝ ገባች። ማለስለሻ እንዳነሰኝ አይታ ሄዳ ገዝታ ነው። አመሰገንኳት። «ምንም አይደል» ብላ በሩን ገፋችው። በዚያች ወረቀት ያንን ወይራ እንደ ዕንቁላል አለሰለስኩት፤ ላይተሯን ከታች ብቻ ይዞ ከላይ፣ ነበልባሉ ከሚወጣበት፣ እንጨት እንዳይደርስባት ለቀቅ አደረግሁት። መዳፌ ውስጥ ስትገባ ጣቶቼ ጨበጧት። ያንጊዜ የተሰማኝን ስሜት ሰው ልጁ በእግሩ ሲቆም ከሚሰማው ጋር ብቻ ነው የማመሳስለው።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ነው። ነበልባሉን ዝቅ አድርጌ አስተካከልኩ። ፒፓውን በግራ መዳፌ ይዤ፣ ነበልባሉን ከትንባሆው ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ስስብ እሳቱ ራሱ ጎንበስ ብሎ ሲገባ አየሁ፤ እንጨቱን ሳይነካ፣ ሳልቸኩል፣ በዙሪያው። ጠፋ። ተጫንኩት። ደግሜ ለኮስኩ። ጣቶቼ ሲስተሯ እንዳለችው አለቀሱ፤ አሠራኋቸው። ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ሣር ቤት ውስጥ፣ ሰጋቱራ ባለበት፣ አልጋ ላይ አላጨስም። ላይተሯን ጋዝ የምሞላው ደጅ ነው፤ ሞልቼም ወዲያው አልለኩስም። ፀሐይ የሚመታው ቦታ አልተዋትም። አመዱንም ውሃ ባለው ጣሳ እንጂ መሬት ላይ አላራግፍም። እሳት እንደ በሬ ነው፤ ቀንበር ለጫነበት ያርሳል፣ ያልጫነበትን ሰው ይወጋል።

አንድ ቀን ጠዋት ካኪ ኮቴን ለብሼ አቶ ሰማን ሥራ ቤት ሄድኩ። ወደ ውስጥ አልገባሁም፤ ውስጥ ኮላና ቫርኒሽ አለ። ከመንገዱ ዳር ቆሜ አስጠራኋቸው። ሲወጡ ሰላም አልኳቸውና ፒፓዬን ሞላሁ፤ ላይተሯን ከኪሴ አወጣሁ። ነፋስ ነበር። ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ ለኮስኩ። ጠፋብኝ። ሠራተኞቹ በበሩ አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። ተጫንኩትና ደግሜ ለኮስኩት፤ ያዘ።

አቶ ሰማን ፒፓውን አላዩትም። እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ ያቺን ዕቃ።»

ሰጠኋቸው። የወይራውን እጀታ አገላበጡት፤ በጥፍራቸው መጋጠሚያውን ሞከሩት።

«ማን ሠራት?»

«እኔ።»

«በየትኛው እጅህ?»

«በሁለቱም።»

የጅማ መኪና አልፎ አቧራው ሸፈነን። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ሲጠራ። «ነገ ና። መጋዙ ጋ ድርሽ እንዳትል፤ መላጊያ ላይ ትሠራለህ። ይህንን ጭስ ይዘህ ከዚህ በር ካለፍክ ግን በራሴ እጅ ነው የማባርርህ።»

ወደ ቤት ስሮጥ ወይም ስበር እግሬ መሬት አልነካም። አስካለ ዕቃ እያጠበች ነበር። «ነገ ሥራ እገባለሁ» አልኳት። ማጠቡን አቋርጣ አየችኝና ዕልል አለች፤ ጎረቤት ሁሉ ሰርግ መሰለው።

ለዳዊት ይህን ሁሉ ስነግረው ፀሐዩ ከሱቁ ደጃፍ ሸሸ። «እንግዲህ ያ የሚያፏጨው ላይተር ለነፋስ ጥሩ ነው፤ ለፒፓህ ግን ጠላት ነው» አልኩት። «ቢጫ፣ ለስላሳ ነበልባል ያለው፣ ወደ ጎን የሚያበራ፣ እጅህን የሚሞላ ግዛ። ዋጋው አያታልልህ፤ እጅህ ይምረጥ። ሱቁ ውስጥ ቆመህ፣ ዘቅዝቀህ፣ ጨብጠህ ሞክረው።»

«እርስዎስ አሁን የትኛውን ነው የሚጠቀሙት?»

«አሁን አላጨስም።»

ገረመው። «ያን ያህል ታግለው ይተዉታል? ለምን?»

አስካለ ናት ምክንያቱ። ልጆቻችን ከወጡ በኋላ፣ ፀጉራችን ከነጣ በኋላ፣ ደረቷ መታፈን ጀመረ። ዳገት ስትወጣ ትቆማለች፤ ሌሊት ተነስታ ትቀመጣለች። ሐኪሙ መረመራትና «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቃት «የለም» አለችው። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እኔ ነኝ አልኩት። «እንግዲያው ጭሱ ለሷ መርዝ ነው» አለኝ።

ስንወጣ፣ እኔ ብቻዬን የለኮስኩትን ብቻዬን አጠፋዋለሁ አልኳት። እሷ «በእኔ ምክንያት አትቸገር፤ ደጅ ብታጨስ ይበቃኛል» አለች። ፒፓውን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ። ከምሳ በኋላ ያለችው ሰዓት ስትደርስ እጄ ኪሴን ይፈልጋል፤ ሰውነቴ ይቆጣል። በሳምንቱ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ከቤቱ ጓሮ ሄጄ አጨስኩ፤ ስገባ ሳል ተቀበለኝ። እንደገና ቆለፍኩ፣ እንደገና ከፈትኩ። ጣት ማጣትን ያሸነፍኩ ሰው በአንድ ቅጠል ተሸነፍኩ። አፍሬ ግቢ ውስጥ ስመላለስ አስካለ በርበሬ እያሰጣች አየችኝ። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰሌኑ ላይ አስቀመጥኩላት።

«አስኩ፣ ብቻዬን አልቻልኩም። እርጂኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ከአፌ ያልወጣ ቃል ነው። ልትስቅብኝ መብቷ ነበር፤ አልሳቀችም። ቁልፉን በቀሚሷ ኪስ ከተተች፣ የበርበሬ እጇን ታጠበች፣ በነጠላዋ አደረቀች። ያቺ ክፉ ሰዓት እስክታልፍ አብረን እንቀመጥ ብላ በርጩማ አወጣችልኝ። ሱስ እንዴት ይለቃል ቢሉኝ በሷ ነው የምመልሰው፤ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሥራዋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እስክረሳው ድረስ፣ ከዚያም በኋላ በልማድ። ደረቷም ቀስ በቀስ ቀለላት።

የመጀመሪያው ቀን ላይ «እጅህን አምጣ» አለችኝ።

ግራዬን ዘረጋሁላት። «እሱን አይደለም» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ ቀኙን ሰጠኋት።